ከፒኤችዲ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ መውጣት፦ ምርምር ተቋም፣ ኤንጂኦ፣ ኮንሰልታንሲ ወይስ ባንክ?

ፒኤችዲዬን በግብርና ኢኮኖሚክስ ከጨረስኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ምርምር ተቋም፣ ከዛ ኮንሰልታንሲ ሰርቼ አሁን ባንክ ውስጥ ነው ያለሁት፣ ኤንጂኦውን ደግሞ እኔ ባልሰራበትም አብሮ አደጌ ዘጠኝ ዓመት የሰራበት ስለሆነ ከሱ ብዙ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ዲፌንስ ያደረጉና ሊያደርጉ የደረሱ ልጆች እየደወሉ "ከዩኒቨርሲቲ ልወጣ ነው፣ የቱ ይሻላል?" ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማወራ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት ደሞዝ ነው፣ መጠየቅም አለባቸው፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የታወቀ ነው። ግን ደሞዝ ብቻ አይቶ የገባ ሰው በስድስት ወሩ ሲማረር ደጋግሜ አይቻለሁ፣ የሚማረረው ደግሞ በደሞዙ አይደለም። ሶስቱን ቦታ ካየሁ በኋላ ለኔ ትልቁ ልዩነት ሆኖ የታየኝ ይሄ ነው፦ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ስንት ቀን እንድትቆዩ ይፈቀድላችኋል? እኔ ፒኤችዲ ላይ አንድ ጥያቄ ይዤ አምስት ዓመት ነበርኩ፣ ከአድአ የወጣ ጤፍ እህል በረንዳ እስኪደርስ ዋጋው የት የት ላይ ይጨምራል፣ ለምንስ ይጨምራል የሚል። አምስት ዓመት ሙሉ ማንም "መልሱ ነገ ይድረሰኝ" አላለኝም፣ ያንን እንደ መብት ቆጥሬው ነበር መሰለኝ ስወጣ በጣም ነው የደነገጥኩት። ከዩኒቨርሲቲ ውጪ እንደዛ ዓይነት ጊዜ የለም፣ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አያጣድፍም፣ ስለዚህ ከዚህ በታች እያንዳንዱን በዚህ ዓይን ነው የማየው።

ምርምር ተቋም

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ብዙ መራቅ የማይፈልግ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ይሄን ነው። ሁለት ዓይነት አለ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ ስህተት ነው። አንደኛው የመንግስት ነው። በግብርናው ትልቁ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ነው፣ በ1958 የተቋቋመ፣ ሆለታ፣ መልካሳ፣ ደብረ ዘይት፣ ቁሉምሳ፣ ጅማ እያለ ማዕከላት ያሉት። ጤና ላይ ላላችሁ አርማወር ሐንሰንና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ፣ ለኢኮኖሚክስና ለፖሊሲ ሰው የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት አለ። ሁለተኛው ዓለም አቀፍ ነው፣ ጉርድ ሾላ ያለው የኢልሪ፣ የእንስሳት ምርምሩ ተቋም፣ ግቢ ውስጥ ብትገቡ ኢልሪ ብቻ ሳይሆን የበቆሎና የስንዴው ሲሚትም የምግብ ፖሊሲው ኢፍፕሪም ሌሎችም እዛው ናቸው።

የመንግስቱ ላይ ደሞዙ ከዩኒቨርሲቲው ያን ያህል አይርቅም፣ የምታተርፉት የማስተማር ጫናውን ነው። 200 ተማሪ ፈተና ማረም የለም፣ ግሬድ ጨምሩልኝ ብሎ በር ላይ የሚጠብቅ የለም። ጥያቄያችሁ የሚሰጠው ጊዜ የወቅት ጊዜ ነው፣ የሰኔና የሐምሌ ዘር ካመለጣችሁ ጥያቄው ለከርሞ ይተላለፋል፣ ዝናቡን የሚያጣድፍ አለቃ ስለሌለ ሰው በተፈጥሮው ረጋ ብሎ ይሰራል። ይሄን ነገር የሚወድ ሰው በጣም ይወደዋል። ባልና ሚስት አዲስ አበባ ሆነው አንዳቸው ቁሉምሳ ሲመደቡ ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ አስቡበት።

ዓለም አቀፎቹ ጋር ክፍያው ሌላ ነው፣ ግን እዛም ውስጥ ሁለት የደሞዝ ስኬል አለ፦ ከአገር ውስጥ የሚቀጠር ሰውና ከዓለም አቀፍ ገበያ የሚቀጠር ሰው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፎ ስለሚወጣ ሳታዩ እንዳታልፉት። ሌላው ኮንትራታችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር የተሳሰረ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሶስት ዓመት ከሆነ እናንተም ሶስት ዓመት ናችሁ። እኔ የነበርኩበት ፕሮጀክት በሁለት ዓመቱ ፈንዱ ሳይታደስ ቀረና ስድስታችንም በአንድ ወር ውስጥ ተበተንን። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ አሰራሩ እንደዛ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት እንዳለቀ ቀጣዩን ፕሮፖዛል ከሚጽፉት ሰዎች መሀል መገኘት አለባችሁ፣ "እኔ ስራዬን እሰራለሁ፣ ገንዘቡን እነሱ ያመጣሉ" ማለት አያዋጣም።

አንድ ቀን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ እችላለሁ የምትሉ ከሆነ ከሁሉም ይሄ ይሻላችኋል። ፔፐር ይወጣል፣ ስማችሁ ይኖርበታል፣ የማዕረግ እድገት ሲጠየቅ የሚታየው እሱ ነው።

ኤንጂኦ

እዚህ ፒኤችዲ ያለው ሰው በብዛት የሚገባው ሜል በሚሉት ክፍል ነው፣ ክትትልና ግምገማ ማለት ነው። ጊዜው ሩብ ዓመት ነው፣ በየሶስት ወሩ ሪፖርት፣ ሪፖርቱ ውስጥ ኢንዲኬተር (የስራው መለኪያ)፣ ኢንዲኬተሩ ላይ ቁጥር። የሚጠየቀው ስንት አባወራ ጋር ደረስን፣ ስንቱ ምርጥ ዘር ወሰደ ነው፣ ለምን ያኛው ቀበሌ አልወሰደም የሚለውን ለማየት ጊዜ የሚኖራችሁ ፕሮጀክቱ አጋማሽ ላይ የሚደረገው ሚድተርም ግምገማ ሲመጣ ነው። አብሮ አደጌ ይሄን ነገር አይጠላውም፣ እንደውም ስራው ቶሎ ፍሬው ይታየኛል ነው የሚለው፣ የውሃ ነጥብ ተቆፍሮ ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሲመጡ አይቶ ነው ሪፖርቱን የሚጽፈው። ያን የሚያክል እርካታ እኔ ከፔፐር አግኝቼ አላውቅም።

ስጋቱን ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆምና ከዛም ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሲዘጋ እዚህ አገር የስንት ሰው ስራ እንደቆመ ሁላችንም በየቤታችን አይተናል፣ ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች የዩኤስኤአይዲን ገንዘብ በብዛት ከሚያገኙት ዋነኛዋ ነበረች። አብሮ አደጌም ደብዳቤ ደርሶት አራት ወር ቤት ቆይቷል። ስለዚህ ኢንተርቪው ላይ "ይሄ የስራ መደብ በማን ገንዘብ ነው የሚከፈለው፣ እስከ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ገንዘቡ ከአንድ ዶነር ብቻ የሚመጣ ድርጅትና ከአምስት ቦታ የሚያመጣ ድርጅት ደሞዛቸው እኩል ቢሆንም እኩል አይደሉም።

ሲቪያችሁንም ቀይሩት። ማስታወቂያው "ማስተርስና አምስት ዓመት ልምድ" ነው የሚለው፣ እናንተ የቴሲሳችሁን ርዕስ አራት መስመር አድርጋችሁ ከላካችሁ ኤችአሩ ልምድ የለውም ብሎ ያልፋችኋል። የመስክ ስራችሁ እኮ ልምድ ነው። "በሶስት ወረዳ 600 አባወራ ላይ ጥናት መርቻለሁ፣ 12 ዴታ ሰብሳቢ አሰልጥኛለሁ፣ የመስክ በጀት አስተዳድሬያለሁ" ብላችሁ ጻፉት፣ ውሸት የለበትም፣ ያደረጋችሁት ነው።

ኮንሰልታንሲ

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከውጪ አይቶ የሚጓጓለት ይሄ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቲኦአር፣ ማለትም ስራው ምን እንደሆነ የሚገልጸው የደንበኛው ሰነድ፣ ይወጣል፣ ቴክኒካል ፕሮፖዛሉና ፋይናንሺያሉ ለየብቻ ታሽጎ ይገባል፣ ካሸነፋችሁ ስራውን እንዴት እንደምትሰሩ የምታሳዩበት ኢንሴፕሽን ሪፖርት፣ ከዛ መጠይቅ፣ ስልጠና፣ ፊልድ፣ ድራፍት፣ ውጤቱ ለሚመለከታቸው ቀርቦ አስተያየት የሚሰጥበት ቫሊዴሽን ወርክሾፕ፣ ፋይናል። ይሄ ሁሉ ብዙ ጊዜ በ45 ወይ በ60 ቀን ያልቃል። ለፒኤችዲ አምስት ዓመት የሰጣችሁትን ዓይነት ጥያቄ በ45 ቀን ማለት ነው። ክፍያው በየደረጃው ነው፣ የተወሰነው ኢንሴፕሽኑ ሲጸድቅ፣ የተወሰነው ድራፍቱ ሲገባ፣ የቀረው ፋይናሉ ሲፈረም፣ ያቺ የመጨረሻዋ ናት የምታስቸግረው።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሁኔታ የሚለካ ቤዝላይን ሰርቬይ ነበር፣ ስድስት ወረዳ። ዴታው የሚሰበሰበው በታብሌት፣ ኮቦ በሚባል የመጠይቅ መተግበሪያ ነው፣ ኮቦ ደግሞ እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንዳለቀ እንዲይዝ ይደረጋል። ማታ ሆቴል ቁጭ ብዬ ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ የቃለ መጠይቁን ርዝመት ሳወጣ ሌላ ቦታ ሁሉ ከ50 ደቂቃ በላይ የፈጀው አንድ ቀበሌ ላይ 11 ደቂቃ ሆኖ መጣ፣ 38 አባወራ፣ ሁሉም በአንድ ልጅ የተሞላ። ገባ ብዬ ሳይ ስንት ከብት አላችሁ ለሚለው ከ38ቱ 30ው መልሳቸው 2 ነው። ልጁ አንድ ዋርካ ስር ቁጭ ብሎ እንደሞላው ለመገመት ፒኤችዲ አያስፈልግም፣ ርዝመቱን ለማየት ማሰቡ ግን ከፒኤችዲው የመጣ ነው፣ አማካሪዬ ሌላ ነገር ሳያዩ መጀመሪያ ይሄን ነበር የሚያዩት።

ፒኤችዲ ላይ ብሆን በማግስቱ ተመልሼ እሄድ ነበር። እዚህ ግን ድራፍቱ በስድስት ቀን መግባት አለበት፣ መኪናው ተመልሷል፣ የዴታ ሰብሳቢዎቹ አበል አልቋል። 38ቱን አውጥቼ ለምን እንዳወጣኋቸው የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ላይ ጻፍኩ፣ ደንበኛው ያቺ አንቀጽ ትውጣ አለ፣ ሶስት ቀን ተከራክረን በመጨረሻ አባሪ ውስጥ ገባች። ፋይናል ክፍያውን ያገኘሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ይሄን የምነግራችሁ አትግቡ ለማለት አይደለም። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሰባት ርዕስ ሰርቻለሁ፣ ከወተት ገበያ እስከ ሴፍቲኔት፣ ያየሁት ወረዳ ብዛት ፒኤችዲ ላይ ካየሁት ይበልጣል፣ ፕሮፖዛል መጻፍም የተማርኩት እዛ ነው። ግን ጥያቄው ሳያልቅ ትታችሁት መሄድን መልመድ አለባችሁ፣ ያ ነገር እንቅልፍ የሚነሳችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ለረጅም ጊዜ አትችሉትም፣ እኔ አልቻልኩትም። በግላችሁ ልትሰሩ ካሰባችሁ ደግሞ የማማከር ፈቃድና ቲን ነምበር አውጡ፣ ቢያንስ የስድስት ወር ወጪያችሁን ሳትይዙ ደሞዛችሁን አትልቀቁ። ሌላው አማራጭ ከሚያውቁት ቡድን ጋር በቀን ሂሳብ እየሰሩ መጀመር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ እያላችሁ ክረምት ላይ አንዱን ሞክሩት፣ ከወደዳችሁት ታውቁታላችሁ።

ባንክ

ከስድስት ዓመት በፊት ባንክ ትገባለህ ብትሉኝ አላምንም ነበር። ነገሮች የተቀየሩት በቅርቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ ታኅሣሥ 2017 ላይ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ፣ ጥር 2 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። ከዛ በኋላ ባንኮቹ የምንዛሪ ስጋትን፣ የብድር ስጋትን፣ የዋጋ ትንበያን አስልቶ የሚያሳያቸው ሰው ይበልጥ መፈለግ ጀመሩ። ሪስክ (ስጋት) እና ሪሰርች ክፍሎቹ ውስጥ አሁን ኢኮኖሚክስ ብቻ ሳይሆን ስታቲስቲክስና ሒሳብ የተማሩ ዶክተሮችም አሉ።

ጊዜው "ነገ ጠዋት" ነው። የመጀመሪያ ስራዬ ስለ ሰሊጥ ላኪዎች ብድር ነበር፣ 14 ገጽ ጻፍኩ፣ ሞዴል አለው፣ ግራፍ አለው። አለቃዬ እስከ መጨረሻው አነበቡትና "ዶክተር፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ኮሚቴው ነገ ሶስት ሰዓት ላይ ነው፣ አንድ ገጽ ላይ ቢሆንልን" አሉኝ። ማታ ስቆርጥ አመሸሁ። መጀመሪያ የወጣው የሌሎች ሰዎች ጥናት ነበር፣ ቀጥሎ ዘዴው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የቀረኝ ዋጋው በዚህን ያህል ቢወርድ ከነዚህ ላኪዎች እነማን መክፈል ያቅታቸዋል የሚል አንድ ሠንጠረዥና አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኮሚቴው ላይ ሩብ ሰዓት ተነጋገሩበትና የሁለቱ ላኪዎች ብድር ቅድመ ሁኔታ ተቀየረ። ቴሲሴን ያነበበውን ሰው በጣቴ ልቆጥረው እችላለሁ፣ ያቺ አንድ ገጽ ግን በማግስቱ የሆነ ነገር ለወጠች፣ ያን ቀን ነው እዚህ መቆየት እንደምፈልግ ያወቅኩት።

ጥቅማጥቅሙም ያለ ነው፣ ቦነስ፣ የህክምና ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ለሰራተኛ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር፣ ቤት ለሌለው ሰው ይሄ ብቻውን ከደሞዝ ልዩነት ይበልጣል። በሌላ በኩል ፔፐር እርሱት፣ ዴታው የደንበኛ ምስጢር ነው። እድገት የሚሰጠው በባንክ ልምድ ዓመት ስለሆነ ከቅርንጫፍ ተነስቶ የመጣ ከናንተ በዕድሜ የሚያንስ ሰው በደረጃ ይበልጣችኋል፣ ይሄን በቅንነት መቀበል ያስፈልጋል፣ እነሱ የሚያውቁትን ብድር እናንተ አታውቁትም። እና ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቶ አስራ አንድ ሰዓት መውጣት አለ፣ ለፒኤችዲ ሰው ይሄ የመጀመሪያው ሶስት ወር ላይ ከባድ ነው።

ተመድና ሚኒስቴር መስሪያ ቤት

ባጭሩ። ተመድ ላይ የአገሬው ባለሙያ መደብና ዓለም አቀፍ መደብ የተለያዩ ናቸው፣ የአገሬው መደብ ለኢትዮጵያዊ ብቻ ስለሆነ ፉክክሩ ጠበብ ይላል፣ ቅጥሩ ግን ወራት ይወስዳል፣ አመልክታችሁ ሌላ ስራችሁን ቀጥሉ። አማካሪ እየተባለ ለጥቂት ወር የሚሰጠው ኮንትራት ጡረታም ህክምናም ላይኖረው ስለሚችል ገንዘቡን ብቻ እንዳታዩ። ሚኒስቴር መስሪያ ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ ለገንዘብ ብሎ አይገባም፣ ፖሊሲ ሲወሰን ክፍሉ ውስጥ መገኘት ለሚፈልግ ነው፣ ጊዜው ሚኒስትሩ በፈለጉበት ሰዓት ነው።

አሜሪካ ላላችሁ

ከናንተም የሚደውሉልኝ አሉ፣ የናንተ ስሌት ይለያል፣ ምክንያቱም ከጥያቄው በፊት የቪዛው ሰዓት ይቆጥራል። በኤፍ ዋን፣ በተማሪ ቪዛ ያላችሁ 12 ወር ኦፒቲ፣ ማለትም በተማራችሁበት ሙያ የመስራት ፈቃድ አላችሁ፣ ትምህርታችሁ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስና ወይ ሒሳብ) ተብሎ የተመደበ ከሆነ 24 ወር ይጨመራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አረጋግጡ፣ ዩኒቨርሲቲው በሰጣችሁ የተማሪነት ሰነድ፣ አይ ትዌንቲያችሁ ላይ ያለው የትምህርት መስክ ኮድ። 45.0603 የሚለው ኢኮኖሜትሪክስ ስቴም ነው፣ 45.0601 የሚለው አጠቃላይ ኢኮኖሚክስ ግን አይደለም፣ አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ሆናችሁ በአንዲት ቁጥር ምክንያት የሁለት ዓመት ልዩነት ይመጣል፣ ከመመረቃችሁ በፊት ዲኤስኦውን፣ በዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘውን ሰው፣ ጠይቁ። ኦፒቲው ላይ ያለ ስራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ነው፣ ስቴሙ ሲጨመር 150።

ካምፓኒ ስትገቡ ኤች ዋን ቢው፣ የስራ ቪዛው፣ ዕጣ ነው፣ በዓመት 65,000 እና ለአሜሪካ ማስተርስና ከዛ በላይ 20,000። በፈረንጆቹ መስከረም 2025 ደግሞ ከአገሪቱ ውጪ ላለ ሰው በሚገባ አዲስ ማመልከቻ ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል፣ ስለዚህ ሰነዳችሁ ሳይስተካከል አገር ቤት ደርሼ ልምጣ አትበሉ፣ መጀመሪያ ጠበቃ አናግሩ። ዩኒቨርሲቲና ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ተቋም ዕጣው ውስጥ አይገቡም። ደሞዙ አንሶ ሳለ ብዙ ሰው ፖስትዶክ፣ ከፒኤችዲ በኋላ ያለውን ጊዜያዊ የምርምር ስራ፣ የሚይዘው ለዚህ ነው፣ እንደ መሸጋገሪያ አይቼው አልነቅፈውም፣ በራሳችሁ ስም፣ ያለ ቀጣሪ የምታመለክቱት የግሪን ካርድ መንገድ፣ ኤንአይደብሊው፣ እስኪያልቅ ድረስ ካደረጋችሁት ማለቴ ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ ያላችሁ ዋሽንግተን ያሉትን ዓለም ባንክንና አይኤምኤፍን አትርሱ፣ እነሱ ጂ ፎር የሚባል የራሳቸው ቪዛ ስላላቸው ዕጣው አይመለከታችሁም። አማዞንን የመሰሉ ካምፓኒዎችም ፒኤችዲ ያላቸው ኢኮኖሚስቶች በብዛት ይቀጥራሉ፣ እዛ ያለ ጓደኛዬ ስራው በሁለት በሁለት ሳምንት የተቆራረጠ ነው ይለኛል።

እና የቱን?

እኔን ብትጠይቁኝ ልጅ ያላችሁ፣ ቤት የሌላችሁ፣ ሁለታችሁም አዲስ አበባ ውስጥ መኖር ያለባችሁ ሰዎች ባንኩን ቀድማችሁ እዩት። ያላለቀ ነገር ጥሎ መሄድ የማይሆንላችሁ ወደ ምርምር ተቋም፣ የመንግስቱም ቢሆን። ሰው ለሰው መሆን የሚቀናችሁ ኤንጂኦ፣ ገንዘቡን ከአንድ ቦታ ብቻ የማያመጣውን መርጣችሁ። ኮንሰልታንሲን ለሁለት ዓመት እንደ ትምህርት ቤት ብታዩት ጥሩ ነው። የትም ብትገቡ ማታ ወይ ቅዳሜ አንድ ኮርስ በፓርት ታይም ማስተማር አትተዉ፣ የመመለሻ በሩን ከፍቶ የሚያቆየው እሱ ነው።

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ "ይሄ መደብ ላይ የነበረው ሰው መጨረሻ የጻፈውን ነገር ማየት እችላለሁ?" በሉ። 60 ገጽ ነው ወይስ አንድ ገጽ፣ በስንት ቀን ነው የጻፈው፣ ማን አነበበው። የእያንዳንዱ ቀናችሁ መልክ እዛ ላይ አለ፣ ምስጢር ነው ካሏችሁም ርዝመቱንና የተሰጠውን ጊዜ ይነግሯችኋል።

የመጨረሻው የትምህርት ውሉ ነው። ዩኒቨርሲቲ ልኮ ያስተማራችሁ ከሆነ የአገልግሎት ግዴታ ፈርማችኋል፣ ዋስም ጠርታችኋል። ውሉን አውጥታችሁ ስንት ዓመት እንደቀራችሁ፣ በገንዘብ ከሆነ ስንት እንደሚመጣ፣ በየወሩ መክፈል ይቻል እንደሆነ አስሉ፣ አዲሱ መስሪያ ቤት መልቀቂያና ክሊራንስ መጠየቁ አይቀርም፣ አንዳንዱ ቀጣሪ ደግሞ ከተነጋገራችሁ ቀሪውን ሊሸፍን ይችላል። ዋስ ለሆናችሁ ሰው ደግሞ ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩ። የኔ ዋስ አጎቴ ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ቤታቸው ሲደርስ እኔ ገና አልነገርኳቸውም ነበር።